የ300ዋ ጉድለት ታሪክ

አካውንቲንግ ሶስተኛ አመት ላይ ኢንተርንሺፕ ስወጣ ዴቢት ክሬዲት (የሂሳብ መዝገብ ግራና ቀኝ ጎን) ላይ ሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፣ የተሰጠኝ ስራ ግን ቫውቸር (ለየክፍያው ሚሞላ ባለ ቁጥር ወረቀት) በቁጥር መደርደር ሆነ። ተናደድኩ። በኋላ አንድ ቁጥር መሀል ላይ ጎድሎ ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን፣ ለካ ተበላሽቶ የተሰረዘ ነው፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። የተሰረዘም ቢሆን ፋይል መደረግ እንዳለበት ያኔ ገባኝ።

ትንሽ ቆይቶ ትራያል ባላንሱ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ ሚታይበት ዝርዝር፣ በ270 አልገጥም አለ (በኤክሴል ነበር ሚሰራው እንጂ ሶፍትዌር ቢሆን መጀመሪያውኑ አይቀበልም)። እኔ ከላይ ጀምሬ መስመር በመስመር ልፈትሽ ስል ሲኒየሯ አካውንታንት "እስኪ ለ9 አካፍለው" አሉኝ። 30 ሆኖ ያለ ቀሪ ወጣ። "በል ቦታ የተቀያየረ ቁጥር ፈልግ" አሉ፣ እውነትም 5,360 የነበረው 5,630 ተብሎ ገብቷል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ይካፈላል። ዴቢት መሆን ያለበት ክሬዲት ገብቶ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን ለ2 አካፍሎ ያንን ቁጥር መፈለግ ነው። ክላስ ላይ ተነግሮን ይሆናል፣ እኔ ግን አልሰማሁም።

በዚ ሁሉ ልቤ አብጦ የተማሪዎች ክለባችን ሊቀመንበር ሆንኩ። ሰው ስራ ያበላሻል ብዬ ስለማስብ መዋጮ ምሰበስበው እኔ፣ ደረሰኝ ምቆርጠው እኔ፣ መዝገብ ላይ ማሰፍረው እኔ፣ ወጪ ማፀድቀውም እኔ! ጉብዝና ነበር ሚመስለኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር ሳስተያይ 1,200 ጎደለ። 900ውን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት፣ ማለቴ የህትመት ደረሰኙን፣ ከሰበሰብኩት ላይ ባንክ ሳላስገባ ከፍዬ ረስቼዋለሁ። 300ዋ የት እንደገባች እስከዛሬ አላውቅም፣ ከኪሴ ተካሁ።

ስብሰባ ላይ አንዲት ሁለተኛ አመት ተማሪ "ተቀባዩም መዝጋቢውም አንድ ሰው ከሆነ እኛ በምን እናረጋግጣለን?" አለች። ኦዲቲንግ ፈተና ላይ ይሄንኑ ጥያቄ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ እኮ! መልስ አልነበረኝም።

ከዛ ስራውን በታተንነው፣ አንዱ ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ጠያቂዋ ልጅ ትመዘግባለች፣ ሶስተኛው በየወሩ መዝገቡን ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ያስታርቃል፣ እኔ ወጪ ማፅደቅ ብቻ። የተሰበሰበው ሳይነካ ባንክ ይገባል፣ ለጥቃቅን ወጪ 500 ፔቲ ካሽ አለ፣ መቼም ቢቆጠር የቀረው ገንዘብና ደረሰኞቹ ተደምረው 500 መሙላት አለባቸው።

ከባዱ ግን እጅ መሰብሰብ ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ልጅቷ አንድ ወጪ የተሳሳተ አካውንት (የወጪ አይነት) ውስጥ አስገብታ አየሁና ማታ ሳልነግራት አስተካከልኩት። ሚዛኑ ሁለቱንም ጊዜ ይገጥማል፣ አታውቅም ብዬ ነበር። በነጋታው "መዝገቤን ማነው የነካው?" አለችኝ።

ባለፈው ስራ ኢንተርቪው ላይ ስለ መሪነት ልምዴ ሲጠይቁኝ ስንት አባል እንደነበረን ልዘረዝር ተዘጋጅቼ ነበር፣ አፌ ላይ የመጣው ግን የ300ዋ ጉዳይ ነው። ጠያቂው እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ከዛ በኋላ ማስታረቁን ማን ይሰራው ነበር?" አለኝ።

"እኔ አይደለሁም" አልኩት።