ጎንደር ላይ የዊኪፔዲያ ቀን ስናዘጋጅ

አካውንት መክፈቱ ሰባተኛዋ ልጅ ላይ ቆመ። ስሟን ጻፈች፣ የይለፍ ቃሏን ሞላች፣ ገጹ ግን አልቀበልም አላት። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ፒያሳ አካባቢ በተዋስነው ክፍል ውስጥ 22 ሰው ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። በጣም ደነገጥኩ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ዊኪፔዲያ፣ ማንም ሊጽፍበት የሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን ከ6 በላይ አዲስ አካውንት አያስከፍትም። ገጾችን ሆን ብለው የሚያበላሹትን ለመከላከል ነው። እኛ ደግሞ ሁላችንም አንድ ዋይፋይ ላይ ነበርን። አስቀድሞ ለጠየቀ አዘጋጅ ገደቡ ለጊዜው ይነሳለታል፤ እኔ አልጠየቅኩም። አሁን ሁሉም ቤቱ ሆኖ ከፍቶ እንዲመጣ ከሳምንት በፊት እነግራለሁ።

አካውንት የሌላቸውን ካላቸው ጎን አስቀመጥኳቸው። ከቀኑ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ አስጎብኚ ከአንዲት ተማሪ ጋር ተጣመሩ። እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ ከላይ ቁልቁል ስለሚያዩት መላእክት፣ የሚያውቁት ማለቂያ የለውም።

«ጋሼ፣ ይሄ የት ተጽፏል?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ እየነገርኩሽ!»

ዊኪፔዲያ የታተመ ምንጭ ይፈልጋል። ቅር አላቸው፤ እኔንም ከፋኝ። ያን ያህል እውቀት ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይገባም ነበር። መጻሕፍቱን እኔ ነበርኩ ቀድሜ ማዘጋጀት የነበረብኝ።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። አንዱ ልጅ ጎንደር በ1636 ዓ.ም. ተቆረቆረች ብሎ ጻፈ። 1636 የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 1628 ነው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርንበት፤ ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አልተሳሳተም። ሰዓቱ ላይ የተሳሳትኩት ግን ራሴ ነኝ። ውጭ አገር ያለ በጎ ፈቃደኛ በቪዲዮ ሊያግዘን ተስማምቶ «3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩለት። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገባ። እኛ ተበትነን ነበር።

ፎቶም እንዲሁ። ከቴሌግራም ተወስደው የተጫኑት በሙሉ ተሰረዙ፤ የሌላ ሰው ሥራ ናቸውና። በማግስቱ ጥቂቶቻችን ፋሲል መዋኛ ሄደን ራሳችን አነሳን። እነዚያ እስካሁን አሉ።

«አበል አለው?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። የለም፣ ቡናና ድፎ ዳቦ ግን አለ እላለሁ። በግልጽ መናገሩ ይሻላል። ለሁለተኛው ዝግጅት 9 ሰው ብቻ መጣ፤ 9ኙም ግን እስኪመሽ ጻፉ።

ጋሼም መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ መጽሐፍ ከብብታቸው አውጥተው ተማሪዋ ፊት አስቀመጡት። በየገጹ መሃል ቁራጭ ወረቀት ሰክተውበታል።

«በይ ጻፊ» አሏት።