ኒኬል ያጣው የጄት ሞተር

በጦርነት ጊዜ የሚደርስ የኢኮኖሚ ችግር አንድን አገር ከአዲስ ቴክኖሎጂ ወደ ኋላ እንደሚያስቀር ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። አመለካከቴን የለወጠው ሜሰርሽሚት 262 የተባለውን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረው የዩሞ 004 ሞተር ታሪክ ነው፤ ሞተሩ የመጨረሻ መልኩን ያገኘው መሐንዲሶቹ ከነበራቸው ይልቅ ካጡት ነገር የተነሣ ነበርና።

በአንሰልም ፍራንዝ መሪነት የተነደፈው የመጀመሪያው ሞተር ኒኬልን፣ ኮባልትንና ሞሊብዲነምን ሳይቆጥብ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1942 አውሮፕላኑ በጄት ኃይል ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር የሠራው ይህ ሞተር ነው። ሆኖም የባሕር መንገድ ለተዘጋባት ጀርመን እነዚህ ማዕድናት እጅግ ብርቅ ስለነበሩ ሞተሩን በዚያ መልኩ በብዛት ማምረት አልተቻለም። ስለዚህ ለምርት የቀረበው ሁለተኛው ዓይነት የማቃጠያ ክፍሎቹ አሉሚኒየም ከተለበጠ ተራ ብረት ተሠሩ፤ የጋለ ጋዝ የሚያሽከረክራቸው የተርባይኑ ክንፎችም ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ማቀዝቀዣ አየር እንዲያልፍባቸው ተደረገ፤ ቆየት ብሎም ኒኬል የሌለበት የክሮሚየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ በሥራ ላይ ዋለ። ባዶ ክንፍ ዛሬ የረቀቀ የሞተር ጥበብ መለያ ነው፤ ያኔ ግን በግድ የመጣ ብልሃት ነበር። ዋጋውም ከባድ ነበር፤ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ መቀየር ነበረበት። በዚያው ዘመን ኒኬል ከካናዳ ታገኝ የነበረችው ብሪታንያ ሙቀት የሚቋቋም የኒኬል ቅይጥ በመሥራት የተሻለ ዕድሜ ያላቸው ሞተሮች አመረተች።

በእኔ ግምት ከማዕድኑ የማይተናነሰው ምክንያት ነዳጅ ነው። የተለመዱት የፒስተን ሞተሮች (ፕሮፔለር የሚያሽከረክሩት) በብዙ ድካም የተጣራ ቤንዚን ሲሹ፣ ጄቱ ናፍጣ በሚመስል፣ ከቡናማ የድንጋይ ከሰል ሊገኝ በሚችል ነዳጅ ይሠራ ነበር። ለነዳጅ ለተራበ አገር ይህ ታላቅ መስሕብ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1944 የሎይናና የሌሎች ሰው ሠራሽ ነዳጅ ፋብሪካዎች ድብደባ ከተጀመረ በኋላ የአብራሪዎች ሥልጠና እያጠረ ሄደ፤ የጄቱን ስሮትል (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ እጀታ) በፍጥነት ቢገፉት እሳት ሊያስነሣ የሚችለውን ይህን ሞተር ደግሞ ከማንም ይልቅ በደንብ የሠለጠነ ሰው ነበር ሊይዘው የሚገባው። በመጨረሻ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የዘመኑ እጅግ ፈጣን ተዋጊ በበሬ እየተጎተተ ወደ መነሻው ይወሰድ ነበር። ወደ 1,400 ገደማ ተሠርተው ለውጊያ የደረሱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

ዩሞ 004 ከፒስተን ሞተሮች ባነሰ የሥራ ሰዓት ይመረት ስለነበር ርካሽ እንደነበረ በብዙ ጽሑፎች ይነገራል። ስሌቱ እውነት ቢሆንም እኔን አያረካኝም። የሰው ኃይል እጥረቱ የተሸፈነው በግዳጅ ሠራተኞችና በእስረኞች ነበር፤ በኦስትሪያ ጉሰን አጠገብ በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች የዚህን አውሮፕላን አካል ሲሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ በሥራ ሰዓት በሚለካው ወጪ ውስጥ እነሱ የሉበትም።