ከናይት በኋላ የመጣ ሐሳብ

ከናይት፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ድካሙ አለ፣ እንቅልፉ የለም። እንዲህ ባለ ጠዋት ሐሳብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሪፖርት ሰጥተን ስንወጣ ያቺ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርስ ልጅ «ቢኤስኤን፣ የነርሲንግ ባችለሩን፣ በኦንላይን ልጀምር ነው፣ የትኛው ትምህርት ቤት ይሻለኛል?» አለችኝ። ሊፍቱ መጣ፣ ተሰነባበትን፣ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው የአንድ ክሬዲት ዋጋ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚያው ላይ ነው። ባችለር ለመያዝ በጠቅላላው 120 ክሬዲት ገደማ ያስፈልጋል። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ በአሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ የወጣ ነርስ ከ60 እስከ 70 ክሬዲት ይዞ ይመጣል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ላይሰንሱን አይተው ብቻ በጅምላ ክሬዲት ይሰጣሉ። አብዛኞቹ 30 ክሬዲት ያህሉን እነሱ ጋ ካልተማሩ ዲግሪ አይሰጡም። ጨዋታው ያለው በመካከል ነው። አንዱ 90 ተቀብሎ 30 ብቻ ያስቀራል፤ ሌላው 60 ተቀብሎ 60 ያስተምራል። በክሬዲት 350 ዶላር የሚጠይቀው የመጀመሪያው በ10,500 ዶላር ያልቃል። 250 ብሎ ርካሽ የመሰለው ሁለተኛው 15,000 ይደርሳል፣ ጊዜውም እጥፍ ነው።

ከሌላ ስቴት መርጦ መግባትም የራሱ ጣጣ አለው። የቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምሳሌ ከባችለር ተማሪ 6 ክሬዲት የአሜሪካ ታሪክ፣ 6 ክሬዲት ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት በስቴቱ ሕግ ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ተቀምጦ የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ነርስ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ሲያጠና ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ ብር ከመክፈሏ በፊት ያላትን ትራንስክሪፕት ሁሉ ልካ፣ የትኛው ኮርስ በምን እንደተተካ መስመር በመስመር የሚያሳየውን ግምገማ በጽሑፍ ትቀበል። በስልክ «ሁሉም ይያዝልሻል» የሚላት ሰው ሥራው ተማሪ ማስገባት ነው፤ ክሬዲቱን የሚወስነው የሬጅስትራር ቢሮ ነው።

ከሀገር ቤት ተምረው ለመጡት ይኸው ነገር ይብሳል። የውጭ ትምህርት የሚገመግም ድርጅት ኮርስ በኮርስ የሚያወጣው ሪፖርት ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውጤቱን ብቻ የሚናገረው ርካሹ ሪፖርት ለክሬዲት ዝውውር አይረዳም። የትኛውን ድርጅት እንደሚቀበሉ ትምህርት ቤቱን ሳይጠይቁ መክፈል ሁለት ጊዜ መክፈል ሊሆን ይችላል። ትራንስክሪፕቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክ ነው፤ እዚያ ሆኖ የሚሯሯጥ ዘመድ ከሌለ ወራት ይበላል። በነርሲንግ ባችለር ይዞ የመጣ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ያንን ያስመዝን። ተመጣጣኝነቱ ከጸደቀለት ሌላ ባችለር ሳያስፈልገው ወደ ማስተርስ የሚያልፍበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ይህን ሳያጣሩ እንደገና ከባዶ የሚጀምሩ እህቶቻችንን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ስለ እውቅና ብዙ አልልም፣ ግን የሚዘለል አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ እውቅና አንድ ነገር ነው፤ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ደግሞ ለብቻው እንደ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን ባለ የነርሲንግ ትምህርት እውቅና ሰጪ ድርጅት መጽደቅ አለበት። ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሳይሆን ከራሳቸው ከእውቅና ሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ ስሙን ፈልጎ ማየት ነው። «ካንዲዴት» ወይም «አመልካች» የሚል ከሆነ ገና አልጸደቀም ማለት ነው። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መንግሥት ኦፕሬሽን ናይቲንጌል ብሎ ይፋ ያደረገውን ጉዳይ መቼም አልረሳነውም፤ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ ከፍሎሪዳ ተሸጦ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቀጣሪውም ላይሰንስ የሚሰጠው የነርሲንግ ቦርዱም ወረቀትን በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው የሚወድቀው ግን በጊዜ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ኮርሱን በ8 ሳምንት ይጨርሱታል። በተለመደው ስሌት አንድ ክሬዲት 45 ሰዓት ሥራ ነው፤ የ3 ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት ማለት ነው። ለ8 ሲካፈል በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት ላይ ይህን ጨምሩበት፤ ሁለት ኮርስ ባንድ ላይ ከተያዘ ደግሞ 34 ሰዓት፣ ሌላ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። ልምድ ያለው ነርስ ከዚህ ባነሰ ይጨርሳል ይባላል፤ ለአመራርና ለኢንፎርማቲክስ ኮርስ እውነት ነው፣ ለስታቲስቲክስ ግን አይሠራም። ስታቲስቲክስን ለብቻው፣ ያለ ጓደኛ ኮርስ መያዝ ነው የሚበጀው።

የሳምንቱ አካሄድም አለ። በብዙዎቹ የውይይት ጽሑፍ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይገባል፣ ለሁለት ተማሪዎች መልስ ደግሞ እስከ እሁድ እኩለ ሌሊት። ዊክኤንድ የሚሠራ ነርስ እሁድ ማታ በዚያች ሰዓት መድኃኒት እያደለ ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዓት አሪዞና ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ትርፍ ይገኛል፤ ምዕራብ ያለ ሰው የምሥራቅ ትምህርት ቤት ከያዘ ግን ያንኑ ያህል ይጎድልበታል። ከመመዝገቧ በፊት ያንድ ኮርስ ሲላበስ (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) ትጠይቅ። የሚሰጧት ከሆነ ቀኖቹን ከሥራ ስኬጁሏ ጋር ታስተያያቸው፤ ካልሰጧት ያ ራሱ መልስ ነው።

ሳምንታዊ ቀነ ገደብ የሌለው ሌላም ዓይነት አለ። ከ1997 ጀምሮ ያለው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይታወቃል፤ በየ6 ወሩ አንድ የተወሰነ ክፍያ ይከፈላል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻሉትን ያህል ኮርስ ማለፍ ነው። ፈተናው ቤት ሆኖ በካሜራ ነው፤ ተቆጣጣሪው ካሜራውን በክፍሉ ዙሪያ፣ በጠረጴዛው ሥር ሳይቀር አዙሩ ይላል፣ ልጅ በሩን ከከፈተ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። የጽሑፍ ሥራው በነጥብ መመዘኛ ይታረምና አንዷ ነጥብ ከጎደለች ተመልሶ ይመጣል። ራሱን ለሚገፋ ሰው እንደዚህ ርካሽ የለም። ለሚያዘገይ ግን ሌላ 6 ወር፣ ሌላ ክፍያ ነው። አንድ ነገር ግን ለአይሲዩ ልጅ መነገር አለበት፦ እዚያ ያለፈ ሁሉ እንደ 3.0 ነው የሚቆጠረው። ልቧ አኔስቴዢያ (የማደንዘዣ ነርስነት) ላይ ከሆነ፣ ከ2022 ጀምሮ የሚገባው ተማሪ ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ ስለሆነ ውድድሩ ከባድ ነው፤ ጂፒኤዋን (አማካይ ውጤቷን) ከፍ የሚያደርግ የፊደል ውጤት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ይሻላታል።

የገንዘቡ ነገር፣ ሆስፒታሎች በዓመት 5,250 ዶላር ላይ የሚያቆሙት ከዚያ በላይ ያለው ግብር ስለሚነካው ነው። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ከኪስ ይከፈላል፣ ውጤት ሲመጣ ይመለሳል፤ ከዚያም ለተወሰነ ጊዜ ላለመልቀቅ ይፈረማል። ፋፍሳን (የፌዴራሉን የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ) ደግሞ አይገባኝም ብሎ መተው አያስፈልግም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይሞላል፣ ከዚህ በፊት ባችለር ካልያዘ የማይመለሰውን ርዳታ፣ ፔል ግራንትን፣ የመጠየቅ መብት አለው።

ማስታወቂያዎቹ ላይ «ክሊኒካል የለም» የሚለው ነው ግን ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ። ሲሲኤንኢ የሚያጸድቃቸው ሁሉ የተግባር ልምምድ ሊኖራቸው ግድ ነው። ክሊኒካል የለም ማለት ቦታውን አንፈልግልሽም፣ አንቺው ፈልጊ ማለት ነው። በተለይ የማኅበረሰብ ጤና ኮርሱ የልምምድ ቦታ ይፈልጋል፣ የሚከታተል ፕሪሴፕተር ይፈልጋል፣ አንዳንዱም በቦታውና በትምህርት ቤቱ መካከል ውል ይጠይቃል። ውሉ በጠበቆች እጅ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ኮርሱ ሲጀምር ለመፈለግ የተነሳ ሰው ያን ጊዜ ረፍዶበታል። ብዙው ተማሪ ሰዓቱን ለመሙላት ያህል አንድ ቢሮ ገብቶ ፖስተር ሠርቶ ይወጣል።

እዚያ ላይ ነው ልቤ የሚደማው። ያ ሰዓት ለሁዳዴ ቢውልስ?

እዚህ ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ እናቶቻችንን አስቧቸው። ስኳር አለባቸው፣ ጠዋት ግሊፒዛይድ ይውጣሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ያ መድኃኒት ያለ ምግብ ስኳርን ይጥላል። ቅዳሴ ላይ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ጾሙ ከበዳቸው ይላል። ሌላዋ ደግሞ ጾም ነው ብላ ኢንሱሊኑን ከናካቴው ትተዋለች፣ ማታ በእንጀራና በሽሮ ስትፈታ ስኳሯ ሰማይ ይነካል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ እንደምትፈቅድ ያውቃሉ፣ እሺ ግን አይሉም። የሚያስፈልገው ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪም ጋር እንዲያስተካክሉ ማድረግ ነው፤ ከ70 በታች ከወረደ ግማሽ ኩባያ ጁስ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እንዲለኩ ማስተማር፤ ይህ ጾም መግደፍ ሳይሆን መድኃኒት መሆኑን ከካህኑ አፍ እንዲሰሙ ማድረግ። ለረመዳንም እንዲሁ፣ በዚያኛው መስጊድ። የዲሲ መንግሥት ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ ለአማርኛ ቦታ ሰጥቷል፤ ስለ ስኳር መድኃኒቱ ስለ ሜትፎርሚን የተተረጎመ ወረቀት ይገኝ ይሆናል፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓት የሚያወራ ግን እኔ አላየሁም። ይህን ሥራ የምትሠራ ነርስ ለኮርሱ የሚሆን ጥናት ትሠራለች፣ ስታቲስቲክሷንም ትጠቀምበታለች፣ ለካፕስቶንም (ለመመረቂያ ፕሮጀክቱም) ይሆናታል።

ግን ቤተ ክርስቲያን የልምምድ ቦታ ተብሎ ይመዘገባል? ውሉን ማን ይፈርማል፣ ሰበካ ጉባኤው? ፕሪሴፕተሩ ቢያንስ ባችለር ያለው ላይሰንስድ ነርስ መሆን አለበት ከተባለ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሰዓት የሚቆም ከመካከላችን ማን አለ? «ማኅበረሰብ» ሲባል የካውንቲ ጤና ቢሮ ብቻ የሚመጣለት ትምህርት ቤትስ አማርኛ የሚናገር ፕሮጀክት ያጸድቃል? አድቫይዘሮቹ ስለ ክሬዲትና ስለ ዋጋ ሲጠየቁ ወዲያው ይመልሳሉ። ይህን ጽፎ ለአምስት ትምህርት ቤት ቢላክ፣ ስንቱ «ይቻላል» ብሎ በጽሑፍ ይመልሳል?