በየአራት ሰዓቱ

የእማዬ ውዳሴ ማርያም በላስቲክ የተለበደች ትንሽ መጽሐፍ ናት። ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል። የሰኞው ገጽ ጥግ ላይ የጧፍ ጠብታ አለ፤ በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም። አውራ ጣቷ የሚያርፍበት የገጹ ዳርም ጠቁሯል። እማዬ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማድ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆማ ትደግማት ነበር። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው።

ይቺን መጽሐፍ ሰባት ወር ሙሉ አልገለጥኳትም። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኳት፣ አቧራዋን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አስቀምጣታለሁ።

እማዬ ያረፈችው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ኩላሊቷ ነበር። ዲያሊሲስ አመላልሻታለሁ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበልም ወስጃታለሁ። ነርስ ነኝ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ማንበብ እችላለሁ፤ የሚመጣውን አውቀው ነበር። ቢሆንም ጸለይኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።

ሠልስቱ አለፈ፣ አርባዋ ወጣ። እስከ አርባው ድረስ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ይመጣል፣ ዕድርተኛ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። ከአርባው በኋላ ነው ቤቱ ዝም የሚለው።

በእግዚአብሔር አልተቆጣሁም። መኖሩንም አልተጠራጠርኩም። ብቻ ልቤ ደረቀ። ቅዳሴ ቆሜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልኩ ሐሳቤ የሳምንቱ የተረኛ ፕሮግራም ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ያደግኩበት ቤት ልማድ ስለሆነ እንጂ ለምን እንደምጾም ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። ማታ ልጸልይ እቆምና "በስመ አብ" ብዬ ቀጣዩ አይመጣልኝም። ቆይቶ መቆሙንም ተውኩት። ሲያመኝ የከረመው ደግሞ አንድ ሰው "እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ እናትሽ ትድን ነበር" ያለኝ ነገር ነው። እሱን እዚህ አላነሳውም። ብቻ ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ አይባልም።

ኅዳር 15 ቀን 2017፣ ጾመ ነቢያት የገባ ዕለት፣ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩ።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ጠፋሽ ልጄ?"

"መጸለይ አቅቶኛል አባ። ተስፋ ቆርጫለሁ መሰለኝ።"

ስብከት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን "እንቅልፍ ትተኛለሽ?" አሉኝ። እተኛለሁ አልኩ። "ምግብ ትበያለሽ?" እበላለሁ። "መሞት አሰኝቶሽ ያውቃል?" የለም አባ። ገረመኝ። እኔ ራሴ ሕመምተኛ ተቀብዬ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። "አዎ ብትዪኝ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነበር የምልክሽ፤ ጸበሉም ጸሎቱም ከዚያ ጋር ይሄዳል" አሉ። ይህን የምጽፈው ምናልባት ከአንባቢዎች መካከል እንቅልፍ አጥቶ የከረመ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው። እባካችሁ ሐኪም አማክሩ። የእምነት ጉድለት አይደለም።

ቀጥለው "በየቀኑ እርግጠኛ ሆነሽ ቤት የምትገኚበት ሰዓት ስንት ነው?" አሉኝ። አሰብኩ። አንድ ሳምንት ቀን እገባለሁ፣ ሌላው ሳምንት አዳር ነው። እንደዚያ ያለ ሰዓት የለኝም።

"ስትነሺ ፊትሽን ትታጠቢያለሽ?"

"እንዴታ አባ።"

"ታጥበሽ ፎጣውን ስትሰቅዪ፣ እዚያው ዞር በዪና ወደ ምሥራቅ ቁሚ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ሦስት ስግደት። ቅዳሜና እሑድ ስግደቱ ይቀራል፤ ጸሎቱ አይቀርም። ከነገ ሰኞ ጀምሪ፣ አርባ ቀን።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። እንዳትጨምሪ።"

"ቢያሰኘኝስ?"

"ቢያሰኝሽም አትጨምሪ።"

ከፍቶኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። እንደ ሕፃን የቆጠሩኝ መሰለኝ። ዳዊት ስደግም፣ ሱባኤ ስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሁለት ደቂቃ ነገር ምን ያደርግልኛል?

ሰኞ ጠዋት ፎጣውን ሰቀልኩ፣ ቆምኩ። የኅዳር ብርድ ነው፤ የሴራሚኩ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ገባ። አቡነ ዘበሰማያት አልኩ። ሰገድኩ። ምንም አልተሰማኝም። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕም። ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ጉልበቴ ግን ነበር።

በ11ኛው ቀን ቀረብኝ። ያለፈውን አዳር የጓደኛዬን ተራ ሸፍኜ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ረፍዷል። ፊቴንም በቅጡ ሳልታጠብ ወጣሁ። ያስታወስኩት ታክሲ ውስጥ ነው። ማታ ደወልኩላቸው።

"አባ፣ አፈረስኩት። ነገ ከአንድ እጀምራለሁ።"

"ነገ ስንተኛ ቀን ነው?"

"አሥራ ሁለተኛ ነበር።"

"እንግዲያው አሥራ ሁለተኛ ነው። 'ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና ይነሣማል' ነው የሚለው። ወደ መጀመሪያው ይመለሳል አይልም። ከአንድ መጀመር ያማረሽ ንጹሕ መዝገብ ስለፈለግሽ ነው ልጄ።"

ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስንት ጊዜ ነው አንድ ቀን ስላመለጠኝ ሙሉውን የተውኩት? ዐቢይ ጾም ላይ፣ ፍልሰታ ላይ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ። የተሰነጠቀ ነገር ይዤ መቀጠል ስለማልወድ ጥዬው ሌላ እጠብቃለሁ።

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ላውራ። ነገሩ የገባኝ እዚያ ነውና።

አዳር ስገባ የሕመምተኞቹን የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀትና አተነፋፈስ በየአራት ሰዓቱ እንለካለን። ማታ 12፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ ሌሊት 8፣ ከዚያ ንጋት 12። የሌሊቱ 8 ከባድ ነው። ሁሉም ተኝቷል። የኮሪደሩ መብራት ብቻ ይበራል። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል። በዚያ ሰሞን መስኮቱ ጋ የተኙ አንዲት እናት ነበሩ። የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ስጠመጥም "ተዪኝ ልጄ፣ አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደኝ" ይሉኛል። "አንድ ደቂቃ ነው እማማ" እላለሁ። ጨርቁ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ቁጥሩን አያለሁ፣ ቻርቱ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ከቀደመው ነጥብ ጋር በመስመር አገናኛለሁ። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው እስባለሁ። ወደ ቀጣዩ አልጋ።

አንድ ሌሊት ነጥቧን አድርጌ እጄ ቻርቱ ላይ እንዳለ ቆም አልኩ። ይህን የማደርገው ደስ ስላለኝ አይደለም። ፍቅር ስለተሰማኝም አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚሰማኝ እንቅልፍ ብቻ ነው። ግን ሴትዮዋ "ሳይሰማሽ ነው የለካሽኝ፣ ግብዝ ነሽ" አላሉኝም። ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ የሚያየው ያ መስመር ተቀጥሎ እንደሆነ ነው። ደግሞስ ያ መነሣት ፍቅር አይደለም ያለው ማን ነው?

ለወራት ከጸሎት ያራቀኝ ትልቁ ነገር ይኸው ነበር። "ሳይሰማኝ ብጸልይ ማስመሰል ነው" እል ነበር። ሐቀኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አባ "እንዳትጨምሪ" ያሉኝም የገባኝ በዚያው ሰሞን ነው። ከዓመታት በፊት ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ሠርቻለሁ። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። ሕመምተኛው እየመጣ ዓይናችን እያየ ኪኒኑን ይውጣል። የምንፈራው የመጀመሪያውን ሳምንት አይደለም። ያኔ ሳሉ ራሱ ያመጣዋል። የምንፈራው ሳሉ ጠፍቶ፣ ፊቱ ወዝ አግኝቶ፣ "አሁንማ ድኛለሁ" የሚልበትን ጊዜ ነው። እዚያ ላይ ነው የሚያቋርጡት፤ በሽታው ሲመለስ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል። ራቅ ካለ ሰፈር በእግራቸው የሚመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። የራሳቸውን ውኃ በሃይላንድ ይዘው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ናቸው። ተሽሏቸውም መጡ፣ ዝናብ ዘንቦም መጡ። ጨርሰው ሄዱ።

እኔ በጸሎት እንደሳቸው ሆኜ አላውቅም ነበር። ልቤ ሲሞቅ ሦስት ሰዓት እቆማለሁ። በማግስቱ ሦስት ሰዓቱ ያቅተኛል፤ አሥር ደቂቃውን ደግሞ እንቀዋለሁ፤ ሁለቱንም እተዋለሁ። በየፍልሰታው የሚደርስብኝ ይኸው ነበር። እስከ ነሐሴ 16 እሳት ነኝ፤ ነሐሴ 20 ላይ መጽሐፉ የት እንዳለ አላውቅም።

አባቶቻችን ይህን መሰላቸት ሐኬት ይሉታል። ከ1600 ዓመት በፊት የግብፅ በረሐ መነኮሳት የሚያጠቃበትን ሰዓት ሳይቀር ጽፈውታል፦ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት የሆነ ይመስላል፤ መነኩሴው በአቱን ጥሎ መሄድ ያምረዋል። ዳዊትም "የቀትር ጋኔን" ይላል። የእኔ ቀትር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

አባ እንጦንስም ደርሶበታል። የመነኮሳት አባት የሚባለው ራሱ እንጦንስ! ሐሳቡ ተበትኖበት "ጌታዬ፣ መዳን እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?" አለ። ወጣ ሲል እሱን የመሰለ ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይታታል፣ እንደገና ለጸሎት ይነሣል። የእግዚአብሔር መልአክ ነበር። "እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ" አለው። ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ያላስተዋልኩት መልአኩ ምንም አለማብራራቱን ነው። ሐሳብህ የተበተነው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው አላለውም። ቁጭ ብሎ፣ ብድግ ብሎ አሳየው።

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት የሠራችልን ለዚህ ይመስለኛል። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሁሉም የሰዓት ስም ነው። ሰባቱን የሚያደርሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔ ገና እዚያ አይደለሁም። አብራኝ የምትሠራ ፕሮቴስታንት ልጅ አለች። ተራዋ ከመግባቱ በፊት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጥግ ይዛ የጥሞና ጊዜዋን ታደርጋለች። ስለ አርባ ቀኑ ስነግራት ሳቀችና "እኔም በር ላይ ልመለስ ልመለስ እያለኝ ነው የምገባው" አለችኝ።

አርባው ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ ዕለት ሞላ። ብርሃን አልወረደም። ፎጣውን ሰቀልኩ፣ ቆምኩ፣ ሰገድኩ፣ ቁርሴን ሳልበላ ሥራ ገባሁ። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከእንቅልፌ ነቅቼ "ልጸልይ ወይስ ልተወው?" ብዬ የምከራከረው ክርክር ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አላውቅም። ያ ክርክር ነበር ለካ ያደከመኝ።

እሑድ አባን አገኘኋቸው። "አሁን የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምሪ። ሌላ እንዳትጨምሪ" አሉኝ።

በማግስቱ ሰኞ የእማዬን መጽሐፍ ከቁም ሳጥኑ አወረድኩ። ማድ ቤቱ መስኮት ጋ፣ እሷ የምትቆምበት ቦታ ቆምኩ። የጧፉ ጠብታ ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። "ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም፣ ኅዙነ ወትኩዘ ልብ።" ያዘነ፣ ልቡ የተከዘ አዳምን ጌታ ነፃ ሊያወጣው ወደደ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእማዬ አፍ ሰምቼዋለሁ። ራሴም ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። "ትኩዘ ልብ" የሚለውን ግን እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። የሰኞው ጸሎት ገና ሲጀምር ልቡ የተከዘ ሰው አለበት። እማዬ በየሰኞው ለእሱ ትጸልይ ነበር።

አለቀስኩ። ቆሜ ጨረስኩት።

በቀጣዩ ሰኞ አንብቤው ምንም አልተሰማኝም። የዚያ ቀጣዩም እንዲሁ ነበር። አንዳንዴ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ይኸው ዓመት አልፎኛል። እማዬን አሁንም በሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አስባታለሁ፤ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ላይ አዛውንት ሴት በተኙ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ።

ዛሬ እሑድ ነው። ማታ አዳር ተረኛ ነኝ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ቤት እደርሳለሁ። መጽሐፏን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ ድንገት ተተኪዋ ከዘገየች እዚያው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ፊቴን ታጥቤ የሰኞውን እደግማለሁ።