ለሻይ ወዳጆች ስጦታ የመረጥኩበት መንገድ
ለሻይ ወዳጅ ስጦታ ሲታሰብ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ሻይ ቅጠል ይሄዳል። እኔ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ነው የማስበው። መጀመሪያ ሰውየው እንዴት እንደሚጠጣ አያለሁ። በምን ያፈላል? በየትኛው ሰዓት? ከማን ጋር? ወተትና ስኳርስ? ድሬዳዋ ላይ እነዚህን ሳይጠይቁ መግዛት አይቻልም። በአንድ ሰፈር አንዱ ቤት ጥቁር ሻይ በቅርንፉድ ያፈላል፣ ጎረቤቱ ወተቱንና ቅጠሉን አንድ ላይ ያንተከትካል፤ ሐረር ሲወጡ ደግሞ የቡና ገለባ በወተት የተፈላበት ሆጃ ይቀርባል። ሁሉም ሻይ እወዳለሁ ይላል፣ የሚወደው ግን ለየቅል ነው።

ባለፈው ዓመት የበዓል ሰሞን ለቅርብ ሰዎቼ በሙሉ ከሻይ ጋር የተያያዘ ስጦታ ለመስጠት ወሰንኩ። ገበያ ከመውጣቴ በፊት በየቤታቸው እየሄድኩ ሻይ ጠጣሁ፤ ዝም ብዬ አፈላላቸውን አየሁ።

ብዙ የተማርኩት ከአጎቴ ነው። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ጥቁር ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ከአጠገባቸው አይጠፋም። «የዛሬ ሻይ ቅጠል ጣዕም የለውም፣ የድሮው ቀረ» ይላሉ ሁልጊዜ። ቤታቸው ሄጄ ሲያፈሉ ሳይ ግን ነገሩ ከቅጠሉ እንዳልሆነ ገባኝ። በራዱ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። የድሬ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ ስለሆነ በሚፈላ ቁጥር ኖራውን ከበራዱ ላይ ይጥላል። ሻዩ ውስጥ የቀረው ኖራ ደግሞ ከቅጠሉ ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ቀጭን፣ ዘይት የመሰለ ሽፋን ይሠራል፤ መልኩን ያደበዝዘዋል፣ ጣዕሙንም ያፍነዋል። በዚያ ላይ አጎቴ ቅጠሉን ሳያወጡ እስከ ማታ በራዱ ውስጥ ይተዉታል። ጥቁር ሻይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ከቆየ ይበቃዋል፤ ሲሰነብት ምሬቱ ብቻ ነው የሚጨምረው።

አዲስ በራድ ልገዛላቸው አልፈለግኩም። ያ በራድ ከባለቤታቸው ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፣ ይወዱታል። ስለዚህ ስጦታዬ ሎሚ፣ ጥሩ የሻይ ማጥለያና አንድ ፔርሙስ ሆነ። በበዓሉ ማግስት በራዱን በውሃና በሎሚ ጭማቂ አፍልቼ ቅርፊቱን አለቀቅኩላቸው። ከዚያ ሻይ አፍልተን፣ ቅጠሉን አጥልለን ፔርሙሱ ውስጥ ገለበጥን። ብርጭቆ ላይ ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ሽፋኑ ጠፋ፣ ሻዩም ጠራ፤ የሎሚው አሲድ ነው ይህን የሚሠራው። «ያው የድሮው ቅጠል መጣ» አሉኝ። ቅጠሉን አልቀየርኩትም ነበር። ፔርሙሱን ለሻይ ብቻ እንዲያደርጉት አደራ ብያለሁ፤ ቡና የገባበት ፔርሙስ የቡናውን ሽታ በቀላሉ አይለቅም።

ሶማሌዋ ጎረቤታችን ዘንድ ያለው ሻይ ሌላ ዓለም ነው። ውሃው ላይ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባል፣ ቅጠል ይከተላል፣ ከዚያ ወተትና ብዙ ስኳር። እሳቸው ዘንድ የታሸጉ የቅመም ድብልቆችን ይዞ መሄድ የማይሆን ነገር ነው። «ሄል ተፈጭቶ አይገዛም ልጄ፣ ሽታው እዚያው ሱቅ ይቀራል» ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ቅመም ከተፈጨ በኋላ ሽታው ቶሎ ይሸሻል። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ፍሬው ያልተከፈተ አረንጓዴ ሄልና ያልተሰባበረ ቀረፋ መረጥኩ። ከእነሱ ጋር ትንሽ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ጨመርኩ። ቅጠሉ ለወተት ሻይ ስለሆነ እንደ ጥራጥሬ የተድበለበለውን ወሰድኩ፤ እሱ ቀለሙ ቶሎ ይወጣል፣ ለወተትም አይሸነፍም። ትልቁን ቅጠል በወተት ማንተክተክ ያሳዝነኛል። ከእሳቸው ያገኘሁትን አንድ ነገር እዚህ ላስቀምጥ፦ ዝንጅብል የሚወዱ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው ላይ በደንብ ይፍላ፣ ወተቱ በኋላ ይግባ። ጥሬ ዝንጅብል ወተት ይቋጥራል።

የወተት ሻይ ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ ግን ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል። ለጾመኛ ቤት በዐቢይ ጾም መግቢያ ቢሰጥ ሁለት ወር ገደማ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ከረመዳን በፊት ያለው ሳምንት ጥሩ ጊዜ ነው፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ሻይ በየቤቱ ይፈላል።

ለአማቴ ስጦታ ሐረር ድረስ ነው የሄደው። እሳቸው ሆጃ ነው የሚወዱት። የሐረር ቡና ከነቅርፊቱ በፀሐይ ደርቆ ስለሚፈለፈል ገለባው በየቤቱ አለ፤ ገለባ ገዝቶ መውሰድ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ፍንጃሎች ወሰድኩላቸው። የደንገጎን ዳገት የምንወጣበት መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ እያንዳንዱን ለብቻ በጨርቅ ጠቅልዬ በስፌት ሙዳይ ውስጥ አደረግኳቸው፣ ሙዳዩም ራሱ ስጦታ ሆነ። ሐረር ላይ ስፌት መስጠት ደፋርነት ነው፣ ግድግዳቸው ሁሉ የእጅ ሥራ ነውና፤ እኔ እንኳ የመረጥኩት ተራ፣ የኩሽና ሙዳይ ነው። ሻይ ቅጠል ለማስቀመጥ ግን ሙዳይ ብቻውን አይበቃም፣ አየር ያስገባል።

ታናሽ እህቴ ስኳር ካቆመች በኋላ አረንጓዴ ሻይ ጀምራለች፤ «መራራ ነው» እያለች ነው የምትጠጣው። አረንጓዴ ሻይ የሚፈላ ውሃ አይወድም፣ 70 ወይም 80 ዲግሪ ይበቃዋል። ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሐረር ከፍታዋ ስለሚበልጥ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ሁለቱም ግን ለአረንጓዴ ሻይ ይበዛሉ። መለኪያ አልገዛሁላትም። ሁለት ወፍራም ብርጭቆ ሰጥቼ ውሃውን ከአንዱ ወደ ሌላው እንድትገለብጥ አሳየኋት፤ በየግልባጩ ይበርዳል። ቅጠሉን በትንሽ ቆርቆሮ፣ ቶሎ የሚያልቅ ያህል ብቻ ሰጠኋት፤ አረንጓዴ ሻይ በድሬ ሙቀት ብዙ ጊዜ አይቆይም።

አሁን ወደ ቅጠሉ። የአገራችን ጥቁር ሻይ ለብዙው ሰው ይበቃል፤ ከከፋ ውሽውሽ፣ ከኢሉባቦር ጉመሮ የሚመጣውን እመርጣለሁ። ከየት እንደምገዛ ግን እጠነቀቃለሁ። ሻይ ቅጠል ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ቻይናዎች የጃስሚን ሻይ የሚሠሩት ቅጠሉን ከአበባው ጋር ደርበው በማሳደር ነው። እኛ ጋር ከሳሙናና ከበርበሬ አጠገብ የከረመ ፓኬት ያንኑ ሽታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ፓኬቱን አሸተዋለሁ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው መደርደሪያ አላነሳም፣ ለስጦታም ክዳኑ ጥብቅ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ቆርቆሮ እጨምራለሁ።

አብሮ የሚበላ ነገርም ይፈለጋል። ጣፋጭ ለሚወዱ ሙሸበክና ሐልዋ አያሳፍርም። እህቴን የመሰሉ ስኳር የተዉ ሰዎች ቤት ግን የባቢሌ ለውዝ ቆልቼ፣ ጨው ነካ አድርጌበት እወስዳለሁ። ስለ ስኳሩም ምንም አላነሳም።