ማርቆስ ጣሪያ ላይ የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አንድ መኖሪያ ቤት ቆርቆሮው ሳይመታ ትራሱን፣ ማለትም ቆርቆሮውን የሚሸከመውን የጣሪያ እንጨት፣ እይልን ተብዬ ወጣሁ። ባህር ዛፉ ገና እርጥብ ነው፣ የተላጠው ቦታ እጅ ላይ ይጣበቃል። «እማማ ይሄ እንጨት መቼ ነው የተቆረጠ?» ስላቸው «በቅርቡ ነው ልጄ፣ ክረምቱ እንዳይቀድመን ብለን ነው እንጅ» አሉኝ። አዘንኩ በጣም፣ ምክንያቱም እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል ይጣመማል ይሰነጠቃል፣ ያኔ ሚስማሩ ይላላል፣ ቆርቆሮውም አብሮ ይነሳል።

የባሰው ግን ለውሃ ታንከር ቦታ ይሁን ተብሎ የአንዱ ትራስ ሰያፍ እንጨት ተቆርጧል። ትራስ ጥንካሬው ሶስት ማዕዘኑ ነው፣ አንዷን ሰያፍ ካወጣህ ክብደቱ ወደ ግድግዳው መሄዱ ቀርቶ መሃሉ ይጎብጣል፣ በዛ ላይ ውሃ የሞላ ታንከር ሊጫንበት! ጣሪያውን እንዲይዝ ከቢሙ፣ ከግድግዳው አናት ካለው ኮንክሪት፣ የወጣው ፌሮ ብረትም እንጨቱ ላይ ሳይጠመዘዝ ቀርቷል፣ ንፋስ ደግሞ ጣሪያን ከስር ነው የሚያነሳው።

አናጢው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሳስረዳው ወዲያው ገባው። ሰያፉ ይመለሳል፣ ፌሮው ይታሰራል፣ ታንከሩም ውጭ ለብቻው ማማ ይሰራለታል፣ እርጥቡም በደረቅ ይቀየራል ተባብለናል። እባካችሁ ቤት የምትሰሩ ሰዎች ቆርቆሮ ሳትመቱ አሳዩ፣ ኮርኒስ ከገባ በኋላ በባትሪ በቀዳዳ ነው የምናየው።