ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ ማድረግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄ ጨርቅን ውሃ እንዳያስገባ የማድረግ ሙከራዬ ትንሽ ስለገፋ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። ቤት የሚሰራውንም ከሱቅ የሚገዛውንም እያፈራረቅኩ ነው የሞከርኩት፣ እና የትኛው ይሻላል ከማለት በፊት ጨርቁ ምንድነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ለጥጥ ሸራ የሚሆነው ለናይለን አይሆንም።

ከጥጥ ልጀምር። ወፍራም ሸራ ላይ ሰምን የሚያክል አላገኘሁም። የማር ሰም ብቻውን ሲሆን እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ፓራፊን (የተራ ሻማ ሰም) ብቻውን ደግሞ ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ ነጭ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፣ እኔ ፓራፊኑን አብዝቼ የማር ሰሙን አሳንሼ ነው የምሰራው። የማር ሰም 62–64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ የፈላ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ጣሳ ይበቃዋል፣ በቀጥታ እሳት ላይ ግን እንዳትጥዱት፣ ከመጠን በላይ የጋለ ሰም በእሳት ይያያዛል። ሲረጋ ሸራው ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ አሸዋለሁ ከዛ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሳደርገው ከላይ የነበረው ሰም ጥፍት ብሎ ክሩ ውስጥ ይገባል፣ ይቺን ማየት እንዴት ደስ እንደምትል!

ሰሙ ለስለስ እንዲል የተልባ ዘይት የሚጨምሩ አሉ፣ የድሮ መርከበኞችም የዝናብ ልብሳቸው በዚሁ ዘይት የተነከረ ሸራ ነበር። ይሰራል፣ ግን ይቺን በደንብ ያዙልኝ፦ የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ነው፣ ሲዋሃድ ሙቀት ያመነጫል፣ ስለዚ ዘይቱን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ወይ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ቀጭን ጥጥ ላይ ደግሞ የምወደው የሳሙናና የሸብ ዘዴ ነው። ጨርቁን ሳሙና በሟሟበት ሙቅ ውሃ ነክሮ ማድረቅ (እውነተኛ ሳሙና እንጂ ዲተርጀንት አይሆንም)፣ ቀጥሎ ሸብ የሟሟበት ውሃ ውስጥ መክተት፣ በቃ። ሸቡ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ከሳሙናው ቅባት ጋር ይያያዝና ውሃ የማያሟሟው ስስ ነገር ክሩ ላይ ይቀራል። ጨርቁ አይከብድም፣ አየር ያሳልፋል፣ አይሸትም። ካፊያ በደንብ ይመልሳል ዶፍ ግን አይችልም፣ በታጠበ ቁጥርም እየሳሳ ይሄዳል።

ናይለን ላይ ሲልኮንን በአኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አቅጥኖ በብሩሽ መቀባት አለ። መቶ በመቶ ሲልኮን መሆን አለበት፣ ስራው ደጅ ነው፣ እሳት አጠገቡ አይደርስም። አንዴ ሲልኮን የተቀባ ጨርቅ ላይ ከሲልኮን ውጪ ምንም ነገር አይጣበቅም፣ የስፌት ቴፕም ቢሆን፣ ስለዚ አስባችሁ ግቡበት።

ከሱቅ የሚገዛው ስፕሬይ ቦታው የሚተነፍሱት ጃኬቶች ላይ ነው፣ እነ ጎርቴክስ አይነቶቹ። እነዚህ ላይ ሰም መቀባት ላብ የሚወጣበትን መንገድ መድፈን ነው። ብዙ ሰው ጃኬቴ ውሃ ማስገባት ጀመረ የሚለው ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተበላሽቶ ሳይሆን የላይኛው ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ላቡ መውጫ ስላጣ ነው። አዲስ ስፕሬይ ከመግዛታችሁ በፊት እጠቡት፣ ዲተርጀንቱ በደንብ ይለቅለቅ፣ ማለስለሻ አይነካው፣ ከዛ መለያው ከፈቀደ በማድረቂያ ማሽን ዝቅተኛ ሙቀት አሙቁት፣ ከላይ ውሃ እንዲያንከባልል የተቀባው ሽፋን ከደከመ ብዙውን ጊዜ በሙቀት ብቻ ይነቃል። ስትገዙም ፒፋስ (PFAS፣ ውሃና ዘይት የሚመልሱ የፍሎሪን ኬሚካሎች ቤተሰብ) የሌለበትን ምረጡ፣ ከዚህ ቤተሰብ ፒፎስ (PFOS) በ2009፣ ፒፎዋ (PFOA) ደግሞ በ2019 አደገኛ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የገቡት ጎጂና አካባቢ ውስጥ የማይበሰብሱ ስለሆኑ ነው። የሌለበት ስፕሬይ ውሃ ይመልሳል ዘይት ግን አይመልስም፣ ስለዚ አንገትና እጅጌው ላይ ቶሎ ይዳከማል፣ እኔ ግን ቶሎ ቶሎ መቀባቱን እመርጣለሁ።

ስፌትን አትርሱ። ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 በሁለት ጨርቅ መሀል ጎማ አጣብቆ ፓተንት ሲያወጣ ጨርቁ ራሱ ውሃ አያስገባም ነበር፣ ልብስ ሰፊዎች ሲሰፉት ግን በመርፌው ቀዳዳ ይገባ ነበር። ዛሬም ያው ነው። እኔ የሰፋሁት ቦርሳ ላይ ስፌቱን ከውስጥ በኩል ለብቻው በሰም ደግሜ ነው የምሄድበት። ማንጠልጠያው ትከሻ ላይ የሚጫንበት ቦታም እንደዛው፣ ግፊት ያለበት ቦታ ላይ ከላይ ተንከባሎ የሚወርደው ውሃ ራሱ ተገፍቶ ይገባል።

አሁን የያዝኩት ፖሊዩሬቴን (ውሃ የሚከለክል የፕላስቲክ አይነት) የተቀባ የድንኳን ወለል ነው፣ ሽፋኑ በእርጥበት ፈራርሶ ይጣበቃል፣ ይሸታል። አሮጌው ሳይነሳ አዲስ ስለማይይዝ መጀመሪያ እየፋቅኩት ነው። ጨርቁን ሳይጎዳ ቶሎ የሚያነሳ ዘዴ የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።